የአስካለ ፍየሎችና የገደሉ አሞሮች

በሽኝቴ ዕለት ትከሻዬ ላይ ጋቢ ደረቡልኝና ወጣቱ ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። «እኅታችን ዘሀራ ለዱር እንስሳት ባላት ፍቅር ዕድሜዋን ሙሉ የደከመች» አለ፤ ሰዉም አጨበጨበ። የመናገር ተራ ሲደርሰኝ አመሰገንኩና ጋቢውን እንደምወስደው፣ ፍቅር የሚለውን ቃል ግን እንደምመልስለት ነገርኩት። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። ነብር አልወድም። ጅብም አልወድም። የአንዲት ሴት ፍየሎች ጉሮሯቸው ተበስቶ በረት ውስጥ ተደርድረው ያየሁ ሰው ነኝና፣ ነብርን እንደ ድመት አድርጎ ለሚያወራልኝ ሰው ትዕግሥት የለኝም። የእኔ ሥራ ማየት ነበር። ያየሁትን ሳልጨምር መናገር፣ መነገር የሌለበትንም ሳልናገር መቅረት። ኑሮዬን ያመሰቃቀለው ይህ ሁለተኛው ነው። በንግግሩ ውስጥ ስላልገባ እኔው ልናገረው።

ሰቆጣ ገበያ ዳር ተወልጄ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅና ጨው ይነግድ ነበር። ወንድሞቼ ሱቁን ሲይዙ እኔ ግብርና ኮሌጅ ገባሁ፤ ከዚያም በወረዳ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ይህን ስነግረው አባቴ ቆቡን ከግንባሩ ከፍ አደረገና፣ «ልጄ፣ እኛ የምንጠብቀውን እንሸጠዋለን። አንቺ የምትጠብቂውን ማን ሊገዛሽ ነው?» አለኝ። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ካለሁበት ድረስ ከሱቁ ሸራ ይልክልኝ ነበር። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ አበሉም የሚደርሰው የሄድኩበትን መንገድ ከረሳሁት በኋላ ነው። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

የመጀመሪያ ምድቤ ዝቋላ ነበር፤ ማሽላና ፍየል ያለበት፣ ዝናብ የሚያጥርበት፣ ገበያ ለመሄድ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡበት አገር። እዚያ የጠበቀኝ የዱር ጠባቂ፣ ስካውት የምንለው፣ አያ ኪሮስ ይባላል። አፉን የፈታው በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውን አንድ በአንድ እየመዘነ ነበር የሚናገረው። በወጣትነቱ አዳኝ ነበር። ያንን አይክድም፣ አይኩራራበትምም። ስተዋወቀው «እርስዎ» አልኩት፤ እስኪሞት ድረስ እርስዎ እንዳልኩት ኖርኩ።

አያ ኪሮስ አንድ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ጀርባውን ለሸለቆው ሰጥቶ ይቀመጣል። ዓይን ይቸኩላል ይል ነበር። ቆቋ ስትጮህ፣ ሽኮኮው ሲያፏጭ፣ ዝንጀሮው ልጆቹን ሲጠራ ይሰማና፣ ምን እንዳለ ጆሮው ከነገረው በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚዞረው። ውኃ በሚታይበት ቦታ ምሳ አይበላም፤ የእህል ሽታ እዚያ ቀርቶ ሰስ የተባለችው የገደል ሚዳቋ ጥም ይዟት ከአለት ላይ እንዳትወርድ ያደርጋል ብሎ። በእረኞች ግጦሽ ውስጥ ስናልፍ ሳይጠይቅ አያልፍም። የመንግሥት ሰው መሆናችንን ሳስታውሰው፣ ሣሩን መንግሥት አልዘራውም አለኝ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ሦስት ቃላትን አለማደባለቅ ነው፤ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ። አንድ ቀን በአሸዋው ላይ ዱካ አይቼ፣ «አያ፣ እዚህ ነብር አልፏል» አልኩት።

«አየሽው?»

«ዱካውን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያ ዱካውን አየሁ በይ። ነብሩን ገና አላየሽውም።»

አብረን ዓመቱን በዱሩ ለውጥ ቆጠርነው። በክረምት ሣሩ ያድጋል፣ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ተከዜ ሞልቶ ዳር ዳሩን ይበላል፤ ያን ጊዜ ሥራው የጆሮና የጭቃ ነው፤ ጭቃ ያለፈውን ሁሉ ያትማልና። መስከረም ሲጠባ ጫጩት ያስከተሉ ጅግሮች ከእርሻ ዳር አይጠፉም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከገደል ይወርዳል፣ ጃርቱም ከሥር ይቆፍራል፤ ከገበሬው ጋር የምንጣላው ያኔ ነው። በጋ ሲገባ ደግሞ የገደሉ ጥንብ አንሳዎች በአለቱ መደብ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። በጋው ሲጠና ምንጮቹ አንድ በአንድ ይደርቃሉ። በመጨረሻ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ኩሬ ትቀራለች፤ ፍየሉም፣ ሰሱም፣ ጅቡም፣ ነብሩም ከእሷ ነው የሚጠጣው። ጠብ ከዚያች ውኃ ይነሣል።

አስካለን ያወቅኋት በእንዲህ ያለ በጋ ነው። ባሏ ሞቶባታል። አንድ ልጇ በጂቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገብቷል። ከዚያ በላከላት የመጀመሪያ ገንዘብ ፍየሎች ገዛች። ለሰው ስታሳያቸው ፍየሎቼ አትልም፤ የልጄ ላብ ትላለች። አንድ ማለዳ ጎረቤቷ መጥቶ ጠራን። ስንደርስ በረቱ ውስጥ ፍየሎቹ እንደተጋደሙ ነበሩ፤ አንዷ ብቻ ተጎትታ ወጥታለች።

አያ ኪሮስ ማንም ሰው እንዳይገባ ለምኖ ከአጥሩ ጀመረ። የጅብ ዱካ ጥፍሩን ያትማል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ይሰውራል። ዱካው ክብ ነው፣ ጥፍር የለበትም። ጅብ ሆድ ይዘረግፋል፤ እነዚህ ግን ሆዳቸው ሳይነካ ጉሮሯቸው ላይ ብቻ ነው የተበሱት። የተጎተተችውን ተከትለን ስንወጣ፣ ከሾላ ሥር በቅጠል ተሸፍና አገኘናት። ከዚያ ወዲያ መሰለኝ ማለት አላስፈለገም።

ወደ አስካለ ተመልሼ ነብር መሆኑን ነገርኳት። ሕጉ ካሳ እንደማይከፍል፣ ለበረቷ ጣሪያ የሚሆን ሽቦ እንዲሰጣት ግን ለቢሮ እንደምጽፍ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ነብሩ ሲመለስ ደብዳቤሽን ላንብብለት?» አለችኝ።

ጻፍኩ። ቢሮው የመለሰልኝ በጀቱ ለግንዛቤ ማስጨበጫ እንጂ ለሽቦ አይደለም ብሎ ነው። ሴትዮዋ ምን ግንዛቤ እንደጎደላት እስካሁን አልገባኝም። ነብር ፍየል እንደሚበላ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ብዙም ሳይቆይ በሸለቆው ውስጥ የሰብል ተባይ መድኃኒት የተቀባ ሥጋ እንዳለ ወሬ ደረሰን። እኔና አያ ኪሮስ በሩጫ ሄደን ከኩሬዋ በላይ የተጣለውን በድን አገኘነው፤ ሽታው አፍንጫ ይመታል። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፣ ድንጋይ ጫንንበት። ተገላገልን ብለን ተመለስን። ሁለተኛ በድን በሸንተረሩ ላይ መኖሩን አላወቅንም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አሞሮቹ ሲያንዣብቡ አየን። ከላይ አንዱ ሲወርድ የሩቁ እሱን አይቶ ይመጣል፤ የሩቁን አይቶ ሌላው። እየጮኽን፣ ድንጋይ እየወረወርን ዳገቱን ወጣነው። ስንደርስ በልተዋል። አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው መሬቱን ይደበድባሉ፤ መነሣት ግን አይችሉም። አንዱ ሦስት አራት እርምጃ ሮጠ፣ ተነሣ፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ ወደቀ። አንገታቸው ወደ ኋላ ይቆለመማል። አንዱን ይዤ ውኃ ላጠጣው ሞከርኩ፤ እጄ ላይ ደርቆ ቀረ። እዚያው አጠገብ አንድ ጅብና የመንደር ውሻ ሞተዋል። ነብሩ ሥጋውን አልነካውም። ዱካው በአጠገቡ አልፎ ሄዷል።

ይህ ከሁሉ የከፋው አልነበረም። ጊዜው ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ ያሉበት ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ከገደሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን በመነጽር አየናቸው። ጥላ ባለፈ ቁጥር አንገታቸውን ይዘረጋሉ፤ የሚያልፈው ግን ቁራ ነው። እናትና አባት ሁለቱም የሞቱበት ጫጩት መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን በመደቡ ጠርዝ ላይ ያስተኛዋል። ገደሉ ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ከላይ በገመድ መውረድ አይቻልም፤ የሚወርድ ቢገኝም እንዴት እንደምናሳድጋቸው አናውቅም። በሥራ ዘመኔ ሽንፈት ምን እንደሆነ ብጠየቅ የምመልሰው ያንን ገደል ነው። አያ ኪሮስ ያን ሰሞን መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ የመቀመጥ ልማዱን ተወ። ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ፣ የመጨረሻው ዝም እስኪል ድረስ ተመለከተ።

ከዚያ አስካለ እኔ የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ «እኔ ነኝ» አለችኝ። «ለነብሩ ነው ያኖርኩት። አሞራውን አላሰብኩትም። የምታሳስሪኝ ከሆነ የቀሩትን ፍየሎች የሚያግድልኝ ሰው አስቀድመሽ ፈልጊልኝ።»

ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ይህን የነገርኩት ለአያ ኪሮስ ብቻ ነው።

የዞኑ ኃላፊ በመኪና መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። የወደቁትን አሞሮች ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መርዙን ያኖረው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር፤ ግን አያ ኪሮስ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ውሸትም አልለመድኩም። «አውቃለሁ። አልናገርም» አልኩት።

ክርክሩ ከባድ ነበር፤ የእሱንም አላሳንሰውም። አንድ ሰው ካልተቀጣ ነገ ሁሉም ይመርዛል አለ። አሞራ ድምፅ የለውም፣ ድምፁ እኛ ነን አለ። እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ሕጉ እዚህ ቦታ የሚያገኘው አንዲት መበለት ብቻ መሆኑን ነገርኩት። ያንን መድኃኒት በገበያ መሬት ላይ ዘርግቶ ለማንም የሚሸጠውን አያገኘውም። ሽቦ ከልክሎ ትምህርት የላከውን ቢሮም አያገኘውም። የዱር እንስሳ የሁላችን ሀብት ነው እንላለን፤ የሚበላው ግን የአስካለን ፍየል ብቻ ነው። ሁላችን ካላዋጣን ሁላችን አንፈርድም አልኩት።

«ይህ የአንቺ ሥልጣን አይደለም» አለኝ።

«መናገር አለመናገር የእኔ ነው» አልኩት።

ከዝቋላ አነሡኝ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እመልሳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አባቴ፣ ወሬው ገበያ ደርሶት ይሁን አላውቅም፣ ሳልጠይቀው ሁለት ጥቅል ሽቦ ላከ። እኔ፣ አያ ኪሮስና አስካለ በረቷን ከላይ ከደንነው። ስንጨርስ አስካለ ጣሪያው ላይ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ፈተነችው። ነብሩ ተመልሶ እንደዞረው ዱካው ነግሮናል። አልገባም።

የተላክሁበት ሰሃላ ለቅጣት የተመረጠ ነበር። መኪና አይገባም፤ ሁሉ ነገር በእግር ነው። እነሱ ቅጣት አሉት፣ እኔ ግን ከማንም አለቃ ርቄ ሠራሁበት። ሽቦ ባይኖርም እሾህና ወይራ ነበር። ሴቶቹን እየሰበሰብኩ በረት ከላይ መክደን ጀመርን፤ ለቢሮው ግን ግንዛቤ አስጨበጥኩ ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ዝቋላ ደግሞ በአሞሮቹ እጦት ምን እንደደረሰባት ከአያ ኪሮስ ሰማሁ። የሞተ አህያ ባለበት ይበሰብሳል፤ በድኑን ለመብላት ውሻ በዛ፤ ውሻው በእብደት በሽታ ታሞ ሰውና ከብት ነከሰ። ይህን ሁሉ ስሰማ ሰማሁ እላለሁ እንጂ አየሁ አልልም፤ ከዓመታት በኋላ ስመለስ ግን ገደሉ ላይ ነጭ ኩስ የነበረባቸው መደቦች ታጥበው ጥቁር ሆነው አየሁ።

አያ ኪሮስ በሕመም ሞተ። ቀብሩ ላይ አስካለ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ቆማ ነበር። ጦርነቱም መጣ፣ አለፈ፤ ከቢሮው የተረፈ ዕቃ አልነበረም። ያለ መነጽር፣ ያለ መኪና፣ በጆሮዬ ሠራሁ። በአንድ የበጋ ማለዳ በዚያ ገደል ላይ ጥንድ ጥንብ አንሳዎች ጭራሮ ይዘው ሲያርፉ አየሁ። አየሁ ነው ያልኩት።

ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ጋቢውም ተደረበልኝ። ሰው ካረፈች ትተዋለች ብሎ ነበር።

በተከታዩ በጋ አስካለ ስልክ ደወለች። አንድ ፈንታው የሚባል ጎረቤታቸው ወደ ግጦሽ ያሰማራቸው ፍየሎች በነብር ተበልተውበታል። ሰዉ በቁጣ ወጥቶ ነብሩን ከገደሉ በታች አለት ሥር አስገብቶታል። ጥይት አይደርስበትም፤ ስለዚህ መርዝ የተቀባ ፍየል ሊጥሉለት ነው። ወደ ቢሮው ደወልኩ። ያ ንግግር ያደረገው ወጣት በትሕትና አናገረኝ፤ ቡድን ነገ እንደሚልክ፣ እኔ ግን ጡረተኛ ስለሆንኩ እንዳልገባበት መከረኝ። ነገ እስኪመጣ መርዙ እንደማይጠብቅ ስለማውቅ ወደዚያ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት።

ስደርስ ወንዶቹ አለቱን ከበዋል። ፈንታው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ በድኑም ከነ መርዙ አጠገቡ ነው። አልፌው ሄድኩና በበድኑና በአለቱ መካከል፣ ነብሩ ከሚወጣበት ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሜቴ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል» አለኝ ፈንታው።

«የወጣሁት ከቢሮው ነው» አልኩት።

ይነሡ አለኝ፤ አልነሣም አልኩ። መታወቂያ አሳዪ ያለኝም ነበር፤ የለኝም አልኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ለአውሬ ብለሽ ከወገንሽ ትጣያለሽ ወይ ብሎ ገሠጸኝ። ፈንታው ያጣውን አውቃለሁ፣ ነብሩንም ውደዱት አላልኩም፣ መርዙ ግን እኔን ሳያነሣ አያልፍም አልኩት። ፀሐዩ በረታ። ከእነሱ ዘንድ ማንም ወደ እኔ አልመጣም፤ እኔም እንደማልችላቸው አውቅ ነበር። ቢጎትቱኝ ይጎትቱኛል፤ ጉልበት የለኝም።

ያኔ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። አርጅታለች፤ ዱላ ይዛለች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ፈንታው ዞረች።

«የዚያን ጊዜውን መርዝ ያኖርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ከእኔና ከሞተው ከአያ ኪሮስ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ነብሩ አልሞተም» ብላ ቀጠለች። «የሞቱት አሞሮቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ይህ ሸለቆ እንዴት እንደሸተተ ታስታውሳለህ፤ አባትህን ውሻ የነከሰው ያኔ ነው። ይችም ስሜን አልሰጠችም፤ ስለ እኔ አገር ለቀቀች። ዛሬ በዚያ ገደል ላይ ጫጩት አለ። መርዙን የምትጥለው ከሆነ መጀመሪያ እኔን አንሣ፤ እዚሁ ነኝ።»

የፈንታው አባት በዚያው ንክሻ ነው የሞቱት፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ፈንታው ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። «ያንቺ መርዝ ነው አባቴን የገደለው ማለት ነው» አላት።

«ማለት ነው» አለችው።

ቆሞ አያት። ከዚያ «ፍየሎቼንስ ማን ይተካልኛል?» አለ።

«እኔ አንዲት እንስት ፍየል እሰጥሃለሁ» አለች አስካለ። ወደ ሰዉ ዞራም፣ «እናንተስ? ለመግደሉ ሁላችሁ መጥታችኋል፤ ለመተካቱስ?» አለች።

መጀመሪያ ያ የገሠጸኝ ሽማግሌ እጁን አነሣ። ከዚያ አንዲት ሴት። ከዚያ ሌሎቹ፤ አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ አፍሮ። ያጣውን ሁሉ አልተካም፤ ግን መንጋ ይጀምርበታል። በድኑን ከውኃ አርቀን በጥልቀት ቀበርነው፤ ሌላ ያኖሩት እንደሌለ ፈንታውን በአባቱ ነፍስ አስማልኩት። ወንዶቹን ወደ ታች አውርጄ የዳገቱን በኩል ባዶ አስደረግሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነብሩ ወጣ። ወደ እኛ ዞር ብሎም አላየ፤ በአለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዘለለና በሸንተረሩ ወዲያ ጠፋ።

በማግስቱ ወጣቱ ኃላፊ ደወለ። በማን ፈቃድ ነው ይህን ያደረጉት ብሎ ጠየቀኝ። በአገሬው ፈቃድ አልኩት። ሰው ቢጎዳ ኖሮ በሕግ እንደምጠየቅ አስታወሰኝ፤ ትክክል ነህ፣ ና ጠይቀኝ፣ ስትመጣ ግን ሽቦ ይዘህ ና አልኩት። እስካሁን አልመጣም።

ፈንታው አስካለን አያናግራትም፤ አልፈርድበትም። እኔንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። ባለፈው በቤቱ በኩል ሳልፍ ግን በረቱን ከላይ በእሾህ ከድኖታል፤ ጥሩ አድርጎ፣ ማዕዘኑን ሳይቀር። ሰላምታው ይቅርብኝ።